ከጠላ ጋን እስከ ዕጢ ገቺ ጂን፦ ኤምኤስኤች2ን በእርሾ ላይ የመፈተሽ ዝርዝር መመሪያ

አክስቴ ቢቸና ውስጥ ጠላ ትጠምቃለች። ጋኑን በግራዋ ታጥበዋለች፣ በወይራ ታጥነዋለች፣ ከዚያ ትጠነስሳለች። ልጅ ሳለሁ ጥንስሱ ሲፈላ ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ አዳምጥ ነበር። ያ ድምፅ የእርሾ ሥራ መሆኑን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በጠላና በጠጅ ውስጥ ከሚሠሩት እርሾዎች ዋነኛው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲየ ይባላል። ዳቦ የሚነፋውም እሱው ነው።

ይኸው እርሾ ኤምኤስኤች2 የሚባል ጂን አለው። የሰው ሴልም ይህ ጂን አለው፤ የሚጠራውም በዚያው ስም ነው። በሰው ላይ ተበላሽቶ ሲወረስ ሊንች ሲንድረም የሚባለውን፣ በዘር የሚተላለፍ የካንሰር ተጋላጭነት ያመጣል። በተለይ የትልቁ አንጀትና የማህፀን ካንሰር። ለዚህ ነው ኤምኤስኤች2 ዕጢ ገቺ ከሚባሉት፣ ሲበላሹ ለዕጢ መንገድ ከሚከፍቱት ጂኖች ጋር የሚቆጠረው።

መመሪያውን የጻፍኩት ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ ለሚማሩ የባዮሎጂ ተማሪዎችና ለአስተማሪዎቻቸው ነው። ኮምፒውተር ብቻ ያለው ሰው ደረጃ 1ንና 2ን ይሥራ። እነሱም ብዙ ያስተምራሉ። ላብራቶሪ ያለው እስከ መጨረሻው ይዝለቅ።

መጀመሪያ ጂኑን እንወቀው

ጎጃም ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ይቀለኛል። ዲማ ጊዮርጊስን ወይም ሌላ የቆየ ደብር አስቡ። ቁም ጸሐፊው ከአንድ ብራና ወደ ሌላ ይገለብጣል። የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ፊደል ይስታል። ስለዚህ ከእሱ በኋላ አራሚ ይቀመጣል። አዲሱን ከአሮጌው እያስተያየ የተሳሳተውን ይፍቃል፣ ያቃናል።

ሴልም ሊከፈል ሲል ዲኤንኤውን ይገለብጣል። እርሾ 12 ሚሊዮን ገደማ ፊደል አለው። ሰው 3 ቢሊዮን ገደማ፣ ያውም በሁለት ቅጂ። ገልባጩ ኢንዛይም ጠንቃቃ ነው፤ ግን አንዳንዴ ይስታል። አራሚው ኤምኤስኤች2 ነው። ብቻውን አይሠራም። ኤምኤስኤች6 ወይም ኤምኤስኤች3 ከሚባል ባልደረባ ጋር ተጣምሮ ዲኤንኤውን ይፈትሻል። ያልተጣጣመ ጥንድ ሲያገኝ ይቆምና እነ ኤምኤልኤች1 የሚባሉትን ሌሎች የጥገና ፕሮቲኖች ይጠራል። ከዚያ ስህተት ያለበት አዲሱ ክር ይቆረጣል፣ ቦታው እንደገና ይጻፋል።

ጸሐፊ አብዝቶ የሚስተው የት ነው? አንድ ቃል ተደጋግሞ በሚመጣበት ቦታ ነው። ዓይኑ ይዘልና አንዱን ይተዋል፤ ወይም አንዱን ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ዲኤንኤም እንደዚያው ነው። ጂቲ፣ ጂቲ፣ ጂቲ እያለ በሚደጋገምበት ቦታ ገልባጩ ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በ1993 ስትራንድ፣ ፕሮላ፣ ሊስኬይና ፒትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ በእርሾ ላይ አሳይተው ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። የአራሚዎቹ ጂኖች ሲጠፉ እነዚህ ተደጋጋሚ ቦታዎች መለዋወጣቸው ከ100 እስከ 700 እጥፍ ጨመረ። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች በአንዳንድ የትልቁ አንጀት ዕጢዎች ውስጥ ያንኑ ዓይነት መዘበራረቅ አይተው ነበር። የእርሾ ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አገናኙ፤ በእነዚህ ዕጢዎች ውስጥ የተበላሸው አራሚው ሊሆን እንደሚችል ጠቆሙ። ዓመቱ ሳያልቅ የሰው ኤምኤስኤች2 ተገኘ። ካንሰር በሚመላለስባቸው ቤተሰቦች ውስጥም ተበላሽቶ ታየ። የሰው በሽታ መነሻ በእርሾ በኩል ሲጠቆም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ ይወርሳል። ሊንች ሲንድረም ያለበት ሰው ሲወለድ አንዱ ቅጂ የተበላሸ ነው። ሌላው ግን ስለሚሠራ ሴሉ ደህና ነው። ዓመታት ሲያልፉ በአንድ ሴል ውስጥ ሁለተኛውም ይበላሻል። ከዚያ በኋላ ያ ሴል አራሚ የለውም። አልፍሬድ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በልጆች የዓይን ካንሰር ላይ ተነስቶ ያቀረበው የሁለት ምት ሐሳብ ይኸው ነው። የላብራቶሪ እርሾ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ መኖር ይችላል። መጠባበቂያ የለውም። በሰው ላይ 30 እና 40 ዓመት ተሸሽጎ የሚቆየው ነገር በእርሾ ላይ በአንድ ሳምንት ሳህን ላይ ይወጣል። ይህን "አንድ ቅጂ" የሚለውን ነገር በደንብ ያዙት፤ ደረጃ 3 ላይ እንፈልገዋለን።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህ ሙከራ የማንንም ሰው ጤና አይመረምርም። በቤተሰባችሁ ውስጥ በተከታታይ ትውልድ የትልቁ አንጀት ወይም የማህፀን ካንሰር ከታየ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በታች፣ ይህን የቤተሰብ ታሪክ ለሐኪም ንገሩ። ሊንች ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች በየ1 ወይም 2 ዓመቱ በኮሎኖስኮፒ እንዲታዩ ይመከራል። በጊዜ የታየ ነገር ካንሰር ሳይሆን ይነሳል።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ፕሮቲኖች ጎን ለጎን አስቀምጡ

ስልክ ይበቃል፤ ኮምፒውተር ግን ይሻላል። ፋይሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ደካማ ኔትዎርክም ያወርዳቸዋል። ዩኒፕሮት የሚባለውን የፕሮቲን መዝገብ ክፈቱ። የጂኑን ስም በላቲን ፊደል (MSH2) ጻፉና ዝርያው ሰው የሆነውን ምረጡ። የፕሮቲኑ ርዝመት 934 አሚኖ አሲድ መሆን አለበት። የእርሾው ደግሞ 964 ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ ሌላ መዝገብ ከፍታችኋል ማለት ነው፤ ተመለሱ። ሁለቱንም ፋስታ በሚባለው መልክ ገልብጣችሁ አስቀምጡ።

በእርሾ ጂኖም መዝገብ ውስጥ ይህ ጂን ሁለተኛ ስም አለው፦ ዋይኦኤል090ደብልዩ (YOL090W)። መጀመሪያ ሳየው የምሥጢር ቁጥር ነበር የመሰለኝ። የቤት አድራሻ ነው። ዋይ ማለት እርሾ ነው። ኦ 15ኛው ክሮሞሶም ነው፤ ክሮሞሶሞቹ ከኤ ጀምሮ በፊደል ይቆጠራሉ። ኤል የግራ ክንድ ነው። 090 ሴንትሮሜር ከሚባለው የክሮሞሶሙ ወገብ ተነስቶ የተቆጠረ ተራ ቁጥር ነው። ደብልዩ ደግሞ ከሁለቱ ክሮች የትኛው ላይ እንደተጻፈ ይነግራል። ይህን ካወቃችሁ ከ6,000 ገደማ የእርሾ ጂኖች የማንኛውንም አድራሻ ታነባላችሁ።

አሁን ኤንሲቢአይ በሚባለው የባዮሎጂ መረጃ ማዕከል ገጽ ላይ፣ ቅደም ተከተሎችን የሚያስተያየውን ብላስት የተባለ ፕሮግራም ክፈቱ። የፕሮቲን ማነጻጸሪያውን ምረጡ፤ ሁለት ቅደም ተከተሎችን ለማስተያየት የሚያስችለውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። የሰውን በላይኛው፣ የእርሾን በታችኛው ሳጥን ለጥፉና አስነሱ። ከ100 አሚኖ አሲዶች ወደ 40 የሚሆኑት አንድ ዓይነት ሆነው ይመጣሉ። ኢ-ቫልዩ የሚለው ቁጥር ዜሮ ወይም ለዜሮ እጅግ የቀረበ ይሆናል። ይህ ቁጥር እንዲህ ያለ መመሳሰል በአጋጣሚ ስንት ጊዜ ሊገኝ እንደሚችል ነው የሚነግረው። ዜሮ ከሆነ አጋጣሚ አይደለም፤ ዝምድና ነው። እርሾና ሰው ከተለያዩ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ቸኩሎ ያልፋል። እናንተ ቆዩ። እርሾ ከኤምኤስኤች1 እስከ ኤምኤስኤች6 ስድስት ወንድማማች ጂኖች አሉት። ሁሉም ይመሳሰላሉ። ታዲያ የሰው ኤምኤስኤች2 እውነተኛ አቻ የትኛው ነው? ሄዶ መመለስ ያስፈልጋል። በሰው ኤምኤስኤች2 የእርሾን ፕሮቲኖች ሁሉ ፈልጉ፤ አንደኛ የወጣውን ያዙ። ቀጥሎ በእሱ የሰውን ፕሮቲኖች ሁሉ ፈልጉ። ወደ ተነሳችሁበት ከመለሳችሁ አቻው እሱ ነው። መልኩ ስለመሰለ ብቻ ዘመድ ነው አትበሉ፤ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ያልተነካውን ቦታ ፈልጉ

በማነጻጸሪያው ውስጥ ከሰው ፕሮቲን 669ኛ ላይ ጀምሩ። ግላይሲን፣ ፕሮሊን፣ አስፓራጂን፣ ሜታዮኒን፣ ግላይሲን፣ ግላይሲን፣ ላይሲን፣ ሴሪን የሚል ተራ ታገኛላችሁ። ከእርሾው 688ኛ ላይ ያለውን እዩ። ስምንቱም አንድ በአንድ ያው ናቸው። ለሥራው ኃይል የሚሰጠው ኤቲፒ የሚቀመጥበት ኪስ ስለሆነ፣ እዚህ የተበላሸ ሥራው ይቆማል። ለዚህ ነው በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተነካው። የሰው 674ኛው ግላይሲን በእርሾ 693ኛው ነው። ተመራማሪዎች በሕመምተኞች ላይ የተገኙ ለውጦችን በእርሾው ትይዩ ቦታ ላይ እየሠሩ ጎጂ መሆን አለመሆናቸውን ይፈትሻሉ። እናንተም ይህን ሠንጠረዥ ደብተራችሁ ላይ ካወጣችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ ጥሩ መነሻ ይሆናችኋል።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን እርሾ አግኙ

የመጀመሪያ ሙከራዬን የሠራሁት ከሱቅ በተገዛ የዳቦ እርሾ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከአክስቴ ጥንስስ አውጥቼ ሞከርኩ። በሁለቱም ጊዜ ካናቫኒን የሚባለው መርዝ ያለበት ሳህን ላይ ምንም አልበቀለም። (በዚህ መርዝ ላይ የሚተርፈው አንድ ጂኑ በስህተት የተበላሸ እርሾ ነው፤ ደረጃ 4 ላይ እናየዋለን።) አንድ ወር ሙሉ መርዙ ነው የተበላሸው ብዬ ስፈትሽ ከረምኩ። ጥፋቱ ግን የቅጂ ነበር። የዳቦና የጠላ እርሾዎች በአብዛኛው እያንዳንዱን ጂን በሁለትና ከዚያ በላይ ቅጂ ይይዛሉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍነዋል። ልክ እንደ ሰው።

ስለዚህ ባለ አንድ ቅጂ የላብራቶሪ እርሾ ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት ፈልጉ፦ ቢዋይ4741 የሚባለውን ደህናውን፣ እና በዚያው ላይ ኤምኤስኤች2 ብቻ የጠፋበትን። በእርሾ ጂኖች ላይ አንድ በአንድ እያጠፉ የተዘጋጀ ትልቅ ስብስብ አለ። በጠፋው ጂን ቦታ ጂ418 የሚባለውን እርሾ ገዳይ መድኃኒት ለመቋቋም የሚያስችል ጂን ገብቶበታል። ጀርመን አገር ያለው ኢዩሮስካርፍ የተባለ የእርሾ ማከማቻ እነዚህን ለዩኒቨርሲቲዎች ይልካል። ጥያቄው በትምህርት ክፍላችሁ ስም ቢሄድ ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ግቢያችሁ ውስጥ ካሉ የሞለኪውላር ባዮሎጂ መምህራን ጠይቁ። አንዳንዱ ፍሪዘር ውስጥ ማን እንዳስቀመጠው የተረሳ ሀብት አለ።

እርሾዎቹ ሲደርሱ በሊትር 200 ሚሊግራም ጂ418 ባለው ሳህን ላይ አስምሩ። ጂኑ የጠፋበት ይበቅላል፣ ደህናው አይበቅልም። ፒሲአር የሚባለው የዲኤንኤ ማባዣ ካላችሁ በእሱም አረጋግጡ።

አሁን የምነግራችሁን አደራ አትርሱ። አራሚ የሌለው እርሾ በየቀኑ ይለወጣል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣችሁ በየሳምንቱ ወደ አዲስ ሳህን ካመላለሳችሁት ከጥቂት ወራት በኋላ ያ የመጣላችሁ እርሾ አይደለም፤ ሌላ ብዙ ነገሩ ተበላሽቷል። በደረሰ ቀን ከ15 እስከ 25 በመቶ ግሊሰሮል ውስጥ አድርጋችሁ በጥልቅ ፍሪዘር አስቀምጡት። ሙከራ በተሠራ ቁጥር ከዚያ አዲስ አውጡ።

ደረጃ 4፦ ምግቡን አዘጋጁ፣ ከፍታውን አትርሱ

ሁለት ዓይነት ምግብ እንሠራለን። አንደኛው ዋይፒዲ ነው፤ ሁሉ የሚበቅልበት። ለ1 ሊትር የእርሾ ጭማቂ ዱቄት 10 ግራም፣ ፔፕቶን 20 ግራም፣ ግሉኮስ 20 ግራም። ለሳህን ከሆነ አጋር 20 ግራም ይጨመራል።

ሁለተኛው መፈተኛው ሳህን ነው። ናይትሮጅን ቤዝ ከአሞኒየም ሰልፌት ጋር 6.7 ግራም፣ ግሉኮስ 20 ግራም፣ አጋር 20 ግራም። ቢዋይ4741 ራሱ መሥራት የማይችላቸው አራት ነገሮች ስላሉ ሂስቲዲን 20፣ ሜታዮኒን 20፣ ዩራሲል 20 እና ሉሲን 60 ሚሊግራም ጨምሩ። አርጂኒን ግን በፍጹም አይግባ። ተቀቅሎ ወደ 55 ዲግሪ ሲበርድ ካናቫኒን 60 ሚሊግራም ይጨመራል። ጓንት አድርጉ፤ መርዝ ነው።

ካናቫኒን ምንድን ነው? አንዳንድ የባቄላ ዘመዶች ፍሬያቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት መርዝ ነው። አርጂኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ይመስላል። እርሾው አርጂኒን ነው ብሎ ያስገባዋል፣ ፕሮቲኑ ውስጥ ይሰካዋል፣ ይሞታል። የጎጃም ሰው ጓያን ያውቃል። የጓያም መርዝ ራሱን ግሉታሜት አስመስሎ ነው ነርቭን የሚጎዳው። መርዙ ሌላ ነው፣ ዘዴው ግን አንድ ነው።

ካናቫኒን ወደ ሴሉ የሚገባው ካን1 በሚባል በር ነው። የካን1 ጂን በስህተት ከተበላሸ በሩ ይዘጋል፣ እርሾው ይተርፋል። ስለዚህ በመርዙ ሳህን ላይ የበቀለ እያንዳንዱ ኮሎኒ፣ ማለትም ከአንድ ሴል የተባዛ ክምር፣ በካን1 ላይ ያልታረመ ስህተት ከያዘ ሴል የመጣ ነው። እኛ የምንቆጥረው እነዚህን ነው።

ማምከን ላይ ጥቂት ልቆይ። የውጭ መጻሕፍት 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይላሉ፤ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ። ይህ ለባሕር ጠረፍ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ። እዚህ መለኪያው ያንኑ 15 ቢያሳይም ውስጡ ያለው ሙቀት ወደ 117 ዲግሪ ነው። የውጭው አየር ስለሳሳ ነው። አውቶክሌቫችሁ ቴርሞሜትር ካለው ደቂቃ መቁጠር የምትጀምሩት 121 ሲደርስ ይሁን። ግፊት ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ወይም በፕሬዠር ኩከር የምትሠሩ ከሆነ፣ ጊዜውን ወደ 30 ደቂቃ አሳድጉ። ረጅም ጊዜ ሲበስል ግሉኮሱ ስለሚያር ለብቻው ወፍራም አድርጋችሁ አምክኑትና በኋላ ቀላቅሉ። ሳህን ሳይዘራበት ሻገተ እያሉ ሲያማርሩ ከሰማኋቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ከፍታ ነበር። አክስቴ ጋን ሳታጥን አትጠነስስም፤ እናንተም ሳታመክኑ አታፍስሱ።

ደረጃ 5፦ አስምሩ፣ ከዚያ ቱቦዎቹን ሙሉ

በአልኮል ኩራዝ አጠገብ ሥሩ። ሉፑን፣ ማለትም የሽቦ ቀለበቱን፣ አግሉ፣ አብርዱ፣ ሁለቱን እርሾዎች በየሳህናቸው ላይ አስምሩና በ30 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ቀን አቆዩ። ኢንኩቤተር ከሌለ አምፖል የገባበት ካርቶን ከቴርሞሜትር ጋር ይበቃል። የደብረ ማርቆስ ሌሊት ይበርዳል፤ ያለ ሙቀት አትተዉት። መብራት ቢሄድ አትደንግጡ፣ እርሾው አይሞትም፣ ይዘገያል። ዋናው ሁለቱ ዓይነቶች አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ መቆየታቸው ነው።

ከእያንዳንዱ ዓይነት 11 የተነጣጠሉ ኮሎኒዎች ምረጡ። እያንዳንዱን 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ዋይፒዲ ባለበት ቱቦ ውስጥ ክተቱ። በጠቅላላው 22 ቱቦ ነው። በ30 ዲግሪ እያንቀጠቀጣችሁ ጠግበው እስኪደፈርሱ፣ ከ1 እስከ 2 ቀን አሳድጉ። ያኔ በ1 ሚሊ ሊትር ወደ 100 ሚሊዮን ሴል ይኖራል።

ለምን 11? ለምን አንድ ትልቅ ጠርሙስ አይሆንም? የዚህ ሙከራ ነፍሱ እዚህ ነው። ስህተት መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። በአንዱ ቱቦ ውስጥ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ከደረሰ፣ ያ ሴል ተባዝቶ ቱቦውን በልጆቹ ይሞላዋል። በሌላው ደግሞ መጨረሻ ላይ ደርሶ ሁለት ሦስት ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያው ጸሐፊ የሳተው ፊደል ከእሱ በተገለበጡት መጻሕፍት ሁሉ ላይ ይገኛል፤ የመጨረሻው ጸሐፊ የሳተው በአንዱ ላይ ብቻ። ሉሪያና ዴልብሩክ ይህን እ.ኤ.አ. በ1943 በባክቴሪያ ላይ አሳይተዋል። የቱቦዎቹ ቁጥር መበታተኑ ራሱ፣ ስህተቱ ከመርዙ በፊት የደረሰ እንጂ መርዙ ያመጣው አለመሆኑን ይመሰክራል።

ደረጃ 6፦ እጠቡና ዝሩ

ፔፕቶን ውስጥ አርጂኒን አለ። ሳታጥቡ ከዘራችሁ አርጂኒኑ መርዙን ያሸንፈዋል፣ ሁሉም ይበቅላል። ስለዚህ ቱቦዎቹን በሴንትሪፊዩጅ አዙሩ፣ ፈሳሹን ድፉ፣ በ5 ሚሊ ሊትር የመከነ ውሃ በጥብጡ። ደግማችሁ አድርጉት።

ከደህናው እርሾ ሳታቀጥኑ 0.1 ሚሊ ሊትር በካናቫኒን ሳህን ላይ ዝሩ። ኤምኤስኤች2 የጠፋበትን ግን 10 እጥፍ አቅጥኑት፤ አለበለዚያ ኮሎኒው በዝቶ አይቆጠርም። ጠቅላላ ሴሎችን ለማወቅ ደግሞ ከየዓይነቱ ሦስት ቱቦ ወስዳችሁ፣ 10 እጥፍ አምስት ጊዜ እያቀጠናችሁ 0.1 ሚሊ ሊትር በዋይፒዲ ላይ ዝሩ። ወደ 100 ኮሎኒ ይወጣል። የዋይፒዲውን ከ2 ቀን በኋላ፣ የካናቫኒኑን ከ3 እስከ 4 ቀን በኋላ ቁጠሩ።

ሴንትሪፊዩጅም ፒፔትም የሌለው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ተስፋ አይቁረጥ። ሁለቱን እርሾዎች በዋይፒዲ ላይ በጣት ጥፍር ስፋት ልክ እየቀባ ያሳድግ። ከዚያ የመከነ ከፋይ ጨርቅ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ወጥሮ ሳህኑን ይጫንበት፤ ከጨርቁ ላይ ደግሞ ወደ ካናቫኒን ሳህን ያሳትመው። ደህናው በተቀባበት ቦታ አልፎ አልፎ ነጥብ ይታያል። አራሚ የሌለው ቦታ ግን ሽፍታ እንደወጣበት ቆዳ ይሆናል። ቁጥር የለውም፣ ነገር ግን ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ በዓይኑ ያየዋል።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩን አውጡ

አማካይ አትውሰዱ። አንድ ቱቦ ላይ ስህተቱ ቀድሞ ከደረሰ አማካዩን ብቻውን ያጣምመዋል። 11ዱን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና 6ኛውን፣ የመሃሉን ውሰዱ።

ለመለማመጃ ያህል ራሴ ባስቀመጥኳቸው ቁጥሮች እንሥራ። በደህናው የመሃሉ 20 ኮሎኒ ይሁን። ይህ ከ0.1 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር 1,000 ይሆናል። ጠቅላላ ሴል 500 ሚሊዮን ይሁን። ሊ እና ኩልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጡት ቀመር እንዲህ ይላል፦ በቱቦው ውስጥ የተረፉት ብዛት ለኤም ሲካፈል፣ ከዚያ ላይ የኤም ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ሲቀነስ፣ 1.24 ይሆናል። ኤም በቱቦው ውስጥ በትክክል የደረሱት ስህተቶች ብዛት ነው። ቀመሩ በቀጥታ አይፈታም። ኤክሴል ላይ የተለያየ ኤም እየሰጣችሁ ሞክሩ። 159 ገደማ ላይ ይገጥማል። 159ን ለ500 ሚሊዮን ስናካፍል በ10 ሚሊዮን ክፍፍል 3.2 ስህተት ይሆናል።

በጠፋበት እርሾ የመሃሉ 80 ይሁን። 10 እጥፍ ስለቀጠነ 800፣ በ5 ሚሊ ሊትር ደግሞ 40,000። ኤም 4,177 ገደማ ላይ ይገጥማል። በ10 ሚሊዮን ክፍፍል ወደ 84 ስህተት። ከደህናው 26 እጥፍ ማለት ነው። የእናንተ ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ ነገር ግን ኤምኤስኤች2 ሲጠፋ በካን1 ላይ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ጭማሪ መጠበቅ ይቻላል።

አስተውሉ፤ ኮሎኒው 40 እጥፍ በዝቶ ስህተቱ ግን 26 እጥፍ ነው የጨመረው። ቀድመው የደረሱ ስህተቶች ስለሚባዙ ነው። ኮሎኒን ብቻ አካፍሎ ሪፖርት የጻፈ ተማሪ ውጤቱን ያጋንናል።

ልዩነት ካልታየስ? መጀመሪያ ሳህኑን ጠርጥሩ። በሁለቱም ላይ ምንም ካልበቀለ ከአራቱ ተጨማሪ ነገሮች አንዱ ተረስቷል፤ ወይም እርሾው ባለ ሁለት ቅጂ ነው። ሁሉም ከበቀለ አርጂኒን ገብቷል ወይም ካናቫኒኑ በጣም ትኩስ ምግብ ላይ ተጨምሯል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሳህኖቹ ላይ ስም ሲጻፍ ተምታቷል፤ በጂ418 እንደገና ለዩ።

ደረጃ 8፦ ጂኑን መልሱለት

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ይጠይቃል። ያ እርሾ ሌላም ነገር ተበላሽቶበት ቢሆንስ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ጂኑን መልሶ ማስገባት ነው። ደህና የእርሾ ኤምኤስኤች2 የያዘ፣ ዩራሲል የሚያሠራ ጂንም ያለበት ፕላዝሚድ፣ ማለትም ትንሽ ክብ ዲኤንኤ፣ ውሰዱ። በሊቲየም አሴቴት ዘዴ፣ በ42 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል አሙቃችሁ ወደ እርሾው አስገቡ። ለማነጻጸሪያ፣ ከዚያው ኤምኤስኤች2 ከጠፋበት እርሾ ለሌላው ክፍል ኤምኤስኤች2 የሌለበትን ባዶ ፕላዝሚድ ስጡ። ፕላዝሚዱ እንዳይጣል ከዚህ በኋላ ፈሳሹም ሳህኑም ያለ ዩራሲል ይሁን። ስለዚህ እዚህ ዋይፒዲ አይሆንም።

ከዚያ ደረጃ 5ን፣ 6ንና 7ን ድገሙ። ባዶውን የያዘው እንደ ከፍተኛው ቁጥር ይቆያል። ጂኑ የተመለሰለት ወደ ደህናው ይወርዳል። የ674ኛውን ግላይሲን ታሪክ መቀጠል የሚፈልግ በዚሁ ፕላዝሚድ ላይ 693ኛውን ለውጦ ያስገባና ቁጥሩ ይወርድ እንደሆነ ይይ።

ሥራው ሲያልቅ ሳህኖቹንና ቱቦዎቹን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ ወይም በአውቶክሌቭ አምክኑ። ካናቫኒን የነካውን ለብቻ አስቀምጡና እንደ ኬሚካል ቆሻሻ አስረክቡ። በየቱቦው የወጣውን ቁጥር ሁሉ፣ ያልወደዳችሁትንም ጭምር፣ ቀንና ሰዓት ጨምራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ።